ስም ከመቃብር በላይ ነው፤ ከሪሚክስ በላይስ?

ዛሬ አንድ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ነጠላ ዜማ ብቻውን አይወጣም። ዋናው ቅጂ በተለቀቀ በሳምንቱ ለሬዲዮ ያጠረው፣ ለጭፈራ ቤት የረዘመው፣ ድምፁ ወጥቶ ሙዚቃው ብቻ የቀረው፣ ከዚያም ሦስትና አራት ዲጄዎች በየፊናቸው እንደገና ያቀናበሩት ተከታትሎ ይደረደራል። አድማጭ ስልኩን ሲከፍት አንድ ርእስ ስድስት ሰባት ጊዜ ተደጋግሞ ያገኛል። ከርእሱ ጎን በቅንፍ የተጻፈው የዲጄው ስም ነው፤ "የእገሌ ክለብ ሚክስ" ይላል።

የቅጂው መብዛት በራሱ ክፋት የለበትም። ጥያቄው ሌላ ነው። ዜማው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቅጂ ወደ ቅጂ ሲተላለፍ መጀመሪያ ያዜመው ሰው ስም እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? አበው "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ይላሉ። የዳንስ ሙዚቃ ታሪክ ግን ስም ባለቤቱ በሕይወት እያለ ጭምር ከሪሚክስ ሥር ሊቀበር እንደሚችል ደጋግሞ አሳይቷል።

ነገሩ የኒውዮርክና የለንደን ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አዲስ አበባ ከገባ ሰንብቷል። የድሮ ካሴትና ሸክላም በወጣቶች ላፕቶፕ ላይ እንደ አዲስ እየተቆረጠና እየተቀጠለ ነው። ሌሎች ከሠላሳ ዓመት በፊት በክስና በሙግት የተማሩትን ትምህርት ኢትዮጵያ ውስጥ ከሀ ብሎ መጀመር ለማንም አይጠቅምም።

▪️ ክለብ ሚክስ ከየት መጣ?

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ነጠላ ዜማ የሚታተመው በትንሿ ባለ 7 ኢንች ሸክላ ነበር። በአንድ ገጿ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ ብዙም አትዘልም። ለሬዲዮ ይህ በቂ ነው። ለጭፈራ ቤት ግን አይበቃም፤ ሰው ገና ሰውነቱ ሲፍታታ ዘፈኑ ያልቃል።

ይህን ችግር አይተው መላ ከፈለጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ቶም ሞልተን ነው። ሞልተን መሣሪያ ብቻ የሚሰማበትን የዘፈን ክፍል እየደጋገመና እየቀጠለ ማርዘም ጀመረ። እሱ ራሱ እንደሚተርከው አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ባለ 7 ኢንች ባዶ ሸክላ አልቆ ሥራው በትልቅ ሸክላ ላይ ተቀረጸ። መስመሮቹ ተራርቀው ሲቀረጹ ድምፁ ጎላ፤ ቤዙም ከበደ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ሳልሶል የተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ የደብል ኤክስፖዠርን "ቴን ፐርሰንት" በዲጄ ዋልተር ጊበንስ እጅ ወደ አሥር ደቂቃ አስጠግቶ በባለ 12 ኢንች ሸክላ ለገበያ አወጣው። ለሕዝብ ከተሸጡት ባለ 12 ኢንች ነጠላ ዜማዎች የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ያኔ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ሥራው ሸክላ ማጫወት ብቻ የነበረው ዲጄ የሌሎችን ሥራ እንደገና የሚሠራ ባለሙያ ሆነ። ስሙም ሽፋን ላይ መጻፍ ጀመረ። ሲያንሰው ነው። ሰው እንዲነሣ የሚያደርገው የትኛው ምት እንደሆነ፣ ጭፈራው የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው የት ላይ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያየው እሱ ነው።

የክለብ ሚክስ አሠራርም ከዚህ ልምድ የመጣ ነው። መጀመሪያው ላይ ከበሮ ብቻ የሚሰማበት ረዘም ያለ ክፍል ይገባል፤ ዲጄው ያለፈውን ዘፈን ከሚመጣው ጋር ሳያደናቅፍ እንዲያገጣጥም ነው። መሐል ላይ ሙዚቃው ይሳሳል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ቤዙ በአንድ ጊዜ ይመለሳል። መጨረሻው ላይ እንደገና ከበሮው ብቻውን ይቀራል። ከዚህ ሌላ "ደብ" የሚባል፣ ድምፁ ቁርጥራጭ ሆኖ በማሚቶ ብቻ የሚሰማበት ቅጂ አለ። "አካፔላ" የሚባልም አለ፤ ይኸኛው ሙዚቃው በሙሉ ወጥቶ የዘፋኙ ድምፅ ብቻውን የሚቀርበት ነው።

መዘዙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብቻውን የቀረ ድምፅ በፈለጉት ምት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከሙዚቃው የተለየ ድምፅ ደግሞ ከስሙም ለመለየት ቅርብ ነው።

▪️ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ዕጣ

ሎሊያታ ሃሎዌይ የቺካጎ ልጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመዘመር ያደገች ብርቱ ድምፅ የነበራት ዘፋኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዳን ሃርትማን የደረሰውን "ላቭ ሴንሴሽን" በዚያው በሳልሶል ስም ተጫወተች። ዘፈኑ በጭፈራ ቤቶች ተወደደ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሰፊው ሕዝብ ግን ብዙም አላወቀውም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1989 ብላክ ቦክስ የተባሉ የጣሊያን አቀናባሪዎች "ራይድ ኦን ታይም" የሚል ነጠላ ዜማ አወጡ። ዜማው በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ በብዛት የተሸጠው ነጠላ ዜማም እሱ ነበር። ዘፈኑን ያቆመው ድምፅ ከ"ላቭ ሴንሴሽን" ላይ የተወሰደው የሃሎዌይ ድምፅ ነው። በቴሌቪዥንና በቪዲዮ የታየችው ግን ካትሪን ኩዊኖል የተባለች ወጣት ሞዴል ናት፤ በፕሌይባክ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ርእሱ ራሱ ሃሎዌይ ያለችውን ቃል በተሳሳተ አሰማም የጻፈ ነው ይባላል።

ሃሎዌይ ዝም አላለችም፤ ነገሩ ወደ ሕግ ሄደ። በኋላ ቡድኑ ዘፈኑን በሌላ ዘፋኝ ድምፅ አስቀርጾ አወጣው። ዓለም የጨፈረበት ግን የእሷ ድምፅ ነበር። ሚሊዮኖች እየሰሟት ማን እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት ወደፊት። በ1991 ዛሬ በፊልም ተዋናይነቱ የሚታወቀው ማርክ ዋልበርግ፣ ያኔ ማርኪ ማርክ ተብሎ ራፕ ይጫወት ነበር። "ጉድ ቫይብሬሽንስ" የተሰኘው ዜማው ያንኑ "ላቭ ሴንሴሽን"፣ ያንኑ ድምፅ ተጠቀመ። በዚህ ጊዜ ግን የሎሊያታ ሃሎዌይ ስም ከዘፈኑ ጋር ተጻፈ። እሷም ቪዲዮው ላይ ወጥታ ዘፈነች። ዜማው በአሜሪካ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ሃሎዌይ በ2011 ስታርፍ ይህ ውጤት በስሟ ተመዝግቦ ነበር።

አንድ ቅጂ፣ አንድ ጉሮሮ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት የተለያየ ዕጣ። በመካከሉ የተለወጠው ቴክኖሎጂው አይደለም። የገበያው ፍላጎትም አይደለም። የተለወጠው አንድ ውሳኔ ነው፤ ስሟ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚል። የሷን ስም የጻፈው ዜማ ደግሞ በመጻፉ የጎደለበት ነገር የለም።

ሃሎዌይ ብቻዋን አልነበረችም። ማርታ ዋሽ የተባለችው ዘፋኝ ለዚያው ለብላክ ቦክስ ሌሎች ዘፈኖች ድምፅ ሰጥታለች። በ1990 "ሲ ኤንድ ሲ ሚዩዚክ ፋክትሪ" ባወጣው "ጎና ሜክ ዩ ስዌት" ላይ ሁሉም የሚያውቀው ጩኸት የእሷ ነው። በሁለቱም ቪዲዮዎች ላይ ግን ቀጠን ያሉ ሌሎች ሴቶች የሷን ድምፅ አፋቸው ላይ አድርገው ታዩ። ካሜራው የፈለገው አንድ ዓይነት ቁመናን፣ ጆሮው የፈለገው ሌላ ዓይነት ጉሮሮን ነበር። ዋሽ ከሰሰች፤ ክሶቹ በስምምነት አለቁ። በቴሌቪዥን የሚታየው ቪዲዮም ድምፁ የእሷ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲጨመርበት ተደረገ። በአሜሪካ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ የዘፋኙን ስም መጥቀስ እንደ ግዴታ መታየት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚለው አባባል እዚያ በፍርድ ቤት በኩል ዞሮ ደረሰ።

▪️ ሪሚክሱ ጠላት አይደለም

ከዚህ ተነሥቶ ሪሚክስን እንደ ሌብነት የሚያይ ሰው ይሳሳታል። ክለብ ሚክስ የሞተ ዘፈን ሊያስነሣ ይችላል።

"ኤቭሪቲንግ ባት ዘ ገርል" የተባሉት የእንግሊዝ ጥንዶች በ1994 "ሚሲንግ" የሚል ለስለስ ያለ ዜማ አወጡ። ብዙም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። የኒውዮርኩ ዲጄ ቶድ ቴሪ ግን ከትሬሲ ቶርን ድምፅ ሥር ጠንካራ የሃውስ ምት አስገባበት። ቅጂው ከጭፈራ ቤት ወደ ሬዲዮ ወጣ። በ1995 ዳግመኛ ሲለቀቅ በብሪታንያ ሦስተኛ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ቴሪ ግጥሙን አልነካውም። የዘፋኟን ኀዘን ጭፈራ ውስጥ አስቀመጠው እንጂ አላጠፋውም። ደግሞም ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንደገና እንዳቀናበረ ሁሉም ያውቅ ነበር። የቴሪ ስም በመጻፉ የቶርን ስም አልተሰረዘም።

የኦፍራ ሃዛ ታሪክ ደግሞ ለኢትዮጵያ ጆሮ ይበልጥ ይቀርባል። ሃዛ እስራኤል ውስጥ ከየመን አይሁዳውያን ቤተሰብ የተወለደች ዘፋኝ ናት። የወላጆቿን አገር የጥንት መዝሙሮች በ1984 በአልበም አስቀረጸች። ከእነሱ አንዱ "ኢም ኒን አሉ" ነው፤ ግጥሙ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የየመኑ ረቢ ሻሎም ሻባዚ ነው። በ1987 ኮልድከት የተባሉት የለንደን አቀናባሪዎች የኤሪክ ቢ እና ራኪምን "ፔይድ ኢን ፉል" በሪሚክስ ሲሠሩ የሃዛን ድምፅ መሐሉ ላይ አስገቡት። የአውሮፓ አድማጭ "ይህች ማን ናት?" ብሎ ጠየቀ። ስም ያላት፣ ኩባንያ ያላት፣ ልትገኝ የምትችል ዘፋኝ ስለነበረች መልሱ ተገኘ። በዓመቱ የራሷ "ኢም ኒን አሉ" በዳንስ ቅንብር ወጥቶ በምዕራብ ጀርመን አንደኛ ሆነ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የጻፈው ረቢ ስምም አልጠፋም።

ሪሚክስ በር ነው። በበሩ የሚያልፈው ግን ስሙን የያዘ ሰው ነው። ስም የሌለው ድምፅ ደጅ ይቀራል፤ አድማጭ ቢፈልገው እንኳ የሚጠይቅበት አድራሻ የለውም።

▪️ ስም ብቻውን እንጀራ አይሆንም

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ስም መጻፍ የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም።

"ጀሩሳሌማ"ን የማያውቅ የለም። በ2019 መገባደጃ የወጣው የደቡብ አፍሪካዊው ማስተር ኬጂ ሥራ ነው፤ ዘፋኟ ኖምሴቦ ዚኮዴ ናት። በ2020 የአንጎላ ወጣቶች ሳህን በእጃቸው ይዘው የጨፈሩበት ቪዲዮ ተሰራጨ። ዓለም በኮሮና ምክንያት ቤቱ በተዘጋበት ወቅት ከሐኪም እስከ መነኩሴ፣ ከአየር ማረፊያ እስከ ሆስፒታል ግቢ ተጨፈረበት። በበርና ቦይ የታጀበ ሪሚክስ ወጣ፤ ሌሎች ቅጂዎችም ተከታተሉ። የዚኮዴ ስም ከመጀመሪያው ጀምሮ ተጽፎ ነበር። ቢሆንም በ2021 ከዘፈኑ የሚገባት ክፍያ እንዳልደረሳት በአደባባይ ተናገረች። ኩባንያው በበኩሉ ነገሩን በሌላ መልኩ አስረዳ። የተከራከሩበት ጉዳይ ማን ዘፈነው የሚል አልነበረም፤ ማን ምን ያህል ይካፈላል የሚለው ነው።

በዚህ ሙያ የተለመደው አከፋፈል ለሪሚክስ ሠሪው በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ቁርጥ ክፍያ ነው። ዘፋኙ ደግሞ በውሉ መሠረት ከሽያጩ ይካፈላል፤ ውል ካለ። ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ ግን ዘፈኑ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ወዳጅ ነው፤ ከታወቀ በኋላ ሁሉም የሚያስታውሰው የተለያየ ነገር ነው።

▪️ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመጣው

የኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሌሎቹ ዘግይቶ ቢነሣም በእንግድነት አልመጣም። "ኢትዮጵያን ሪከርድስ" በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ ሥራውን "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ብሎ ጠርቶ የማሲንቆውን፣ የክራሩንና የአዝማሪውን ድምፅ ከኮምፒውተር ምት ጋር አዋሐደ። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 (እ.ኤ.አ.) "ዘላለም"ን በአሜሪካ ኩባንያ በኩል አወጣ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሮፍናን "ነጸብራቅ"ን ይዞ መጣ። ከዲጄነት የተነሣ አንድ ወጣት በአልበሙ መሐል ቆሞ ራሱ እየዘፈነና እያቀናበረ አዳራሽ ሞላ። ኤሌክትሮኒክ ምት የውጭ ዕቃ ነው የሚለው ክርክር ያኔ አበቃ።

አቀናባሪው ይህን ክብር ማግኘቱ ተገቢ ነው። የካሴት ዘመን አድማጭ ከሽፋኑ ላይ "ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር" የሚለውን ዝርዝር አንብቦ ነው ያደገው፤ የአቀናባሪን ስም ያውቃል። ነገር ግን ያው ዝርዝር አንድ ሌላ ልማድም አስተምሯል። ባለቤቱ ካልታወቀ ወይም መጠየቁ ከከበደ "ሕዝብ" ተብሎ ይጻፋል። "ግጥም፦ ሕዝብ፤ ዜማ፦ ሕዝብ።"

እውነት ነው፣ የሕዝብ የሆነ ዜማ ሞልቷል። እረኛው፣ ሙሾ አውራጇ፣ የሠርግ አዝማቿ ትውልድ ሲቀባበሉት የኖሩት ነው። ሆኖም ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ማይክሮፎኑ ፊት የቆመው ጉሮሮ የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው እናትና አባት ያወጡለት ስም አለው። አንድ አቀናባሪ ከጎንደር ወይም ከወሎ በስልኩ ቀርጾ ያመጣውን የአንዲት ሴት እንጉርጉሮ ምት ላይ አስቀምጦ "ሕዝብ" ብሎ ቢጽፍ ስለ ዜማው ልክ ሊሆን ይችላል። ስለ ሴትዮዋ ግን አልተናገረም።

የአዝማሪ ነገርማ ይበልጥ ያስገርማል። አዝማሪ ቤት ገብቶ "ተቀበል!" ያለ እንግዳ ስሙ ሳይነሣ አይወጣም። አዝማሪው የጋበዘውን ያወድሳል፣ ያፈገፈገውን ይሸነቁጣል፣ የሁሉን ስም ይጠራል። ድምፁ ተቀርጾ ክለብ ሚክስ ውስጥ ሲገባ ግን ስሙ የሚጠፋው የሁሉን ስም ሲጠራ ያመሸው የእሱ ራሱ ነው።

ይህን አጣዳፊ የሚያደርገው የቴክኖሎጂው ፍጥነት ነው። ቀድሞ አንድን ድምፅ ነጥሎ ለማውጣት የስቱዲዮው ዋና ቴፕ ወይም አካፔላ ያስፈልግ ነበር። ለአብዛኞቹ የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ዋናውን ቴፕ ማግኘት የማይታሰብ ነው። አሁን ግን ድምፅን ከሙዚቃ የሚለዩ ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ፤ ዲዘር የተባለው የሙዚቃ አገልግሎት "ስፕሊተር"ን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቆታል። ከአንድ ያረጀ ካሴት ላይ የዘፋኙን ድምፅ አውጥቶ አዲስ ምት ላይ መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆኗል። ከዚያም አልፏል። በ2023 ዴቪድ ጌታ መድረክ ላይ የኤሚነምን የሚመስል ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርቶ አጫውቷል፤ ለሽያጭ እንደማያወጣው ግን ተናግሯል። እሱ የዓለም ዓይን ያለበት ሰው ነው። ማንም የማያየው ሰው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያደርጋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው ሲለወጥ ፈቃዱ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅም ተዛማጅ መብት አለው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያና የጋራ አስተዳደር ጉዳይ ታከለበት። የጎደለው አንቀጽ አይደለም። ድምፁ የተወሰደበት ሰው ብዙ ጊዜ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ የለውም፤ አንዳንዴም መወሰዱን ራሱ አይሰማም።

▪️ የሚነሡ መከራከሪያዎች

አንደኛው መከራከሪያ "ዘፈኑ ተረስቶ ነበር፤ ያስነሣነው እኛ ነን" የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ "ሚሲንግ" ምስክር ነው። ነገር ግን ያስነሣ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ የተነሣው ሰው ስም አይወረስም። የታመመን ያዳነ ሐኪም የበሽተኛውን ቤት አይረከብም።

ሁለተኛው "ባለቤቱን ፈልገን አጣነው" የሚል ነው። በድሮ ቅጂ ላይ ይህ የምር ያጋጥማል። ማተሚያ ቤቱ ተዘግቷል፤ ባለሙያዎቹ ተበትነዋል፤ ገሚሶቹም አልፈዋል። ሆኖም ማፈላለግና አለማፈላለግ ይለያያሉ። በስልክ የተቀረጸ የቅርብ ጊዜ ድምፅ ላይ ደግሞ ይህ ምክንያት ጨርሶ አይሠራም። ድምፁን ለመቅረጽ ፊቷ የቆመ ሰው ስሟን ለመጠየቅም እዚያው ነበር።

ሦስተኛው "ፈቃድ ስንጠይቅ ስንኖር ወጣቱ መፍጠር ያቆማል" የሚል ነው። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ናሙና ማስፈቀድ በውጭው ገበያ ለትንሽ አቀናባሪ የማይቀመስ ዋጋ እንደሚጠይቅ ይታወቃል። ቢሆንም ስም መጻፍ ዋጋ የለውም፤ በነጻ ነው። ድርሻን በአንድ ገጽ ወረቀት መስማማትም ከአንድ ማክያቶ በላይ አያስወጣም። ናስና ዴሚያን ማርሌይ በ2010 "አዝ ዊ ኤንተር"ን ሲሠሩ የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" መሠረት አድርገዋል። የሙላቱ ሥራ መሆኑ ስለታወቀ አዲስ አድማጭ ወደ ዋናው ሄዶ አዳመጠ። የኢትዮጵያ ባለሙያ የውጭ አገር አቀናባሪ ስሙን እንዲጠቅስለት ከፈለገ እሱም የአገሩን ዘፋኝ ስም መጥቀስ አለበት።

▪️ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ሰፊ አዳራሽና ኮሚቴ አይጠይቅም። አንድ ነጠላ ዜማ ከነሚክሶቹ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ማድረግ ይበቃል።

የመጀመሪያው ምዝገባ ነው። በዲጂታል ገበያ እያንዳንዱ ቅጂ፣ የሬዲዮውም፣ የክለቡም፣ ደቡም፣ አይኤስአርሲ የሚባል የራሱ ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ይሰጠዋል። ስለዚህ የዘፋኙ ስም በዋናው ቅጂ ላይ ተሞልቶ በሦስተኛው ሚክስ ላይ ከተዘለለ፣ ለማሽኑ ያ ሚክስ ዘፋኝ የለውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚታወቀው ያ ሦስተኛው ሚክስ ነው። ስሙ በሁሉም ላይ ይሞላ።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ዘፋኙ የሚያገኘው ቁርጥ ክፍያ ነው ወይስ ድርሻ? ድምፁ ለስንት ሚክስ ይውላል? አካፔላው ለሌላ ሰው ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይመሰላል ወይስ አይመሰልም? እነዚህ ጥያቄዎች ዘፈኑ ሳይታወቅ ቀላል ናቸው። ከታወቀ በኋላ ነው ጠበቃ የሚፈልጉት።

ሦስተኛው በገጠርና በአዝማሪ ቤት ለሚቀረጽ ድምፅ ነው። ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ ስልክ። ሠርግ የሚቀርጽ ቪዲዮ አንሺ እንኳ የሙሽሮቹን ስም ካሴቱ ላይ ይጽፋል። የአንድን ሰው ጉሮሮ ዕድሜ ልኩን የሚጠቀምበት አቀናባሪ ከዚያ ያነሰ ማድረግ የለበትም።

ኤልያስ መልካ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከማረፉ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር "አውታር" የተሰኘውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ስንቱን አልበም ያቀናበረው ባለሙያ በመጨረሻ ዘመኑ የደከመበት አንዱ ነገር ሥራ ለሠሪው እንዲከፍል ማድረግ ነው። የቅንብርን ክብር ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም አቀናባሪ ብቻውን እንዲበላ አልታገለም፤ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ ዘፋኙም እንዲደርሳቸው ነው።

የሚቀጥለው ትልቅ የኢትዮጵያ የዳንስ ነጠላ ዜማ ምናልባት አሁን በአንዱ ላፕቶፕ ላይ እየተሠራ ነው። መሐሉ ላይ የአንዲት ሴት ድምፅ ይኖራል፤ ከድሮ ካሴት የተወሰደ ወይም ባለፈው ወር በስልክ የተቀረጸ። አራት አምስት ሚክስ ይወጣለታል፤ በበርሊንም፣ በዋሽንግተንም፣ በዱባይም ይጨፈርበታል። ያን ጊዜ አንድ የማያውቃት ሰው ስልኩን አውጥቶ "ይህች ማን ናት?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ እዚያው ከርእሱ ጎን ተጽፎ ይጠብቀው።